ስለ ማንቼ ባለቤቶች፣ ዕዳና ዝውውር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማንችስተር ዩናይትድ የ2024/25 ፕሪሚየር ሊግን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቢልባኦ ላይ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው የውድድር ዓመት የክለቡ ገቢ 666.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ በታሪኩ ከዚያ በፊት ይህን ያህል አስገብቶ አያውቅም። ይህን ያህል የሚያስገባ ክለብ እንዴት እዚያ ድረስ ይወርዳል? ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ አዲስ አበባም ሆነ ዲሲ ወይም ዱባይ ያለው የማንቼ ደጋፊ የሚጨቃጨቀው በዚሁ ነው። ጭቅጭቁ ውስጥ ግን ደጋግመን የምንላቸው፣ ከእውነት የራቁ ወይም ግማሽ እውነት የሆኑ ነገሮች አሉ። እኔም የዚህ ክለብ ደጋፊ ነኝ፤ ንዴቱ ይገባኛል። ንዴታችን የተሳሳተ ቦታ ሲያርፍ ግን ተጠያቂው ሰው ነጻ ይወጣል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ግሌዘሮች ስስታም ናቸው፤ ገንዘብ አያወጡም»

ከ2005 ጀምሮ የክለቡ ባለቤት ስለሆነው የአሜሪካው የግሌዘር ቤተሰብ በብዛት የሚነገረው ይህ ነው፤ እኛኑ መልሶ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዩናይትድ ለተጫዋች ግዢ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። ፖግባ በ2016 በ89 ሚሊዮን፣ ማጓየር በ2019 በ80 ሚሊዮን፣ ሳንቾ በ2021 በ73 ሚሊዮን፣ አንቶኒ በ2022 በ82 ሚሊዮን ገደማ መጡ። «ገንዘብ አያወጡም» ባልን ቁጥር ባለቤቶቹ ይህን ዝርዝር ያወጡልናል፤ እኛም የምንመልሰው እናጣለን።

መጠየቅ የነበረብን የማን ገንዘብ እንደወጣ ነው። ለዝውውር የዋለው ክለቡ ራሱ ከትኬት፣ ከቴሌቪዥን መብትና ከስፖንሰር ያገኘው፣ ሲጎድልም በራሱ ስም የተበደረው ነው። የግሌዘር ቤተሰብ ከኪሱ አውጥቶ «ይህን ለአጥቂ አድርጉት» ያለው ገንዘብ አልነበረም። እንዲያውም እስከ 2022 ድረስ ለበርካታ ዓመታት ክለቡ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ ይከፍል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም በዓመት ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ አያንስም። በተቃራኒው የቼልሲ ባለቤት የነበረው አብራሞቪች ለክለቡ ከራሱ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አበድሮ፣ በ2022 ክለቡ ሲሸጥ ያን ገንዘብ መልሶ አልወሰደም። የአብራሞቪችን መንገድ አላወድስም። ባለቤት ወደ ክለቡ ሲያስገባና ከክለቡ ሲያወጣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን በደንብ ያሳያል።

«ዕዳው የመጣው በመጥፎ ዝውውር ነው»

አይደለም። እስከ 2005 ድረስ ዩናይትድ ዕዳ አልነበረበትም። በዚያ ዓመት ግንቦት ማልኮም ግሌዘር ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ከዚህ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ብድር ነበር። ከብድሩ ትልቅ ክፍል የሚሆነው የክለቡ ንብረት ተይዞበት የተወሰደ ስለሆነ ከፋዩም ክለቡ ሆነ። ሰው ቤት ለመግዛት ቤቱን ራሱን አስይዞ ይበደርና ዕዳውን ከተከራዮቹ ኪራይ ላይ ይከፍላል እንደማለት ነው፤ ተከራዮቹ እኛ ነን። ቀሪው የብድር ክፍል በቤተሰቡ አክሲዮን ላይ የተወሰደ ሲሆን፣ ወለዱ በየጊዜው ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተደመረ የሚያድግ ዓይነት ነበር። የዚህኛው ወለድ በ2010 ከ16 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በመደበኛው ዓለም እንዲህ ያለ ወለድ የሚከፍለው የጨነቀው ሰው ነው። በዓለም ከታወቁት ክለቦች ሁሉ ሀብታም ይባል የነበረው ክለብ ደግሞ በዚህ ውስጥ ገባ።

ከሃያ ዓመት በኋላስ? የዋናው ብድር መጠን አሁንም 650 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆሞ ነበር። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለወለድ ሄዷል፤ ዋናው ግን ለዓመታት ባለበት ቆይቷል። በዚህ ላይ ለሌሎች ክለቦች በየጊዜው የሚከፈል ያላለቀ የዝውውር ዕዳ አለ፤ እሱም በቅርብ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል። ይህኛውን በእርግጥ መጥፎ ዝውውር አምጥቶታል። ሁለቱን ስንቀላቅል ግን የ2005ቱ ብድር ይረሳል፤ ሊረሳ አይገባውም።

አንዳንድ ደጋፊዎች ያኔውኑ አልረሱትም። በ2005 የራሳቸውን ክለብ፣ ኤፍሲ ዩናይትድ ኦቭ ማንችስተርን መሠረቱ። በ2010 ደግሞ የዩናይትድ ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድ በአረንጓዴና ቢጫ ስካርፍ ተሞላ። ቀለሙ በ1878 የተቋቋመው የኒውተን ሂዝ፣ ማለትም የዚሁ ክለብ የመጀመሪያ ስም፣ ቀለም ነበር። እነዚህ ሰዎች የተቃወሙት በደረጃ ሰንጠረዥ ምክንያት አልነበረም፤ በ2009 እኮ ዩናይትድ የሊጉ ሻምፒዮን ነበር። ሂሳቡን አንብበው ነው የተቃወሙት፤ ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

«ራትክሊፍ ክለቡን ገዝተውታል»

እንግሊዛዊው ባለሀብት ሰር ጂም ራትክሊፍ በ2024 መጀመሪያ የገዙት ሩብ ያህሉን ነው፤ በኋላ ባስገቡት ተጨማሪ ገንዘብ ድርሻቸው ወደ 29 በመቶ ተጠጋ። በስምምነቱ መሠረት የእግር ኳሱን ሥራ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አብላጫው ድምፅ ግን የግሌዘር ቤተሰብ እንደሆነ ቆየ። ለአክሲዮኖቹ ከተከፈለው ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ገንዘብ አብዛኛው የገባው ለሻጮቹ ነው፤ ለክለቡ የመጣው 300 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ለስታዲየምና ለመሰል ግንባታ የታሰበ ነበር።

ክለቡ ከ2012 ጀምሮ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ስለሚሸጥ «ደጋፊዎች ተባብረን እንግዛው» የሚልም አይጠፋም። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ አወቃቀሩ ግን አይፈቅድም። አክሲዮኑ ሁለት ዓይነት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ለአንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ አለው፤ ቤተሰቡ የያዘው ግን ለአንድ አክሲዮን አሥር ድምፅ። ገበያ ላይ ያለውን ሁሉ ብንሰበስብ እንኳ ውሳኔው የእኛ አይሆንም።

«ኳታሮቹ ቢገዙት ኖሮ የፈለግነውን ሁሉ እንገዛ ነበር»

ክለቡን ለመግዛት ሲደራደሩ የነበሩት የኳታሩ ሼክ ጃሲም በ2023 ጥቅምት ከድርድሩ ወጡ። እሳቸው ቢገዙት ኖሮ የገንዘብ ቧንቧ ይከፈት ነበር ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። በጊዜው የነበረው የፕሪሚየር ሊግ ደንብ ግን አንድ ክለብ በሦስት የውድድር ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይከለክል ነበር። በ2023/24 ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት በዚሁ ደንብ ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ለአጥቂ ግዢ ያለ ገደብ ማውጣት አይችልም ነበር።

ግማሽ እውነት የምለው ግን አለ። ለስታዲየም፣ ለልምምድ ሜዳ፣ ለአካዳሚና ለሴቶች ቡድን የሚወጣው ወጪ ከዚህ ስሌት ውጭ ነበር። ዕዳውን ከፍሎ የሚዘጋ ባለቤት ደግሞ የወለዱን ገንዘብ ለቡድኑ ያስቀርለታል። ስለዚህ ቁጭታችን ስለ ምባፔ ከሚሆን ስለ ኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ቢሆን ይሻላል፤ በ2024 ግንቦት ከአርሰናል ጋር በነበረው ጨዋታ ዝናቡ እንደ ፏፏቴ ሲወርድበት ዓለም ሁሉ አይቷል።

«የተጫዋቹን ዋጋ በማልያ ሽያጭ ይመልሱታል»

ሮናልዶ በ2021 ሲመለስ ይህ ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማልያውን የሚያመርተውም አብዛኛውን ገቢ የሚወስደውም አዲዳስ ነው፤ ክለቡ ከአንዱ ማልያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ክለቡን የሚጠቅመው አስቀድሞ የተፈረመው ውል ነው፤ በ2023 የታደሰው የአሥር ዓመት ውል ቢያንስ 900 ሚሊዮን ፓውንድ ያስገኛል። በዚህ ውል ውስጥ ደግሞ ዩናይትድ ቻምፒየንስ ሊግ ለማይገባበት ለእያንዳንዱ ዓመት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይቀነሳል። ከብዙ ሺህ ማልያ ይልቅ ደረጃ ሰንጠረዡ ለገቢው ይበልጥ ይወስናል ማለት ነው። መርካቶ ከምንገዛው ማልያ ከአብዛኛው ክለቡ ምንም እንደማያገኝ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«በ80 ሚሊዮን ከተገዛ 80 ሚሊዮን ወጣ ማለት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቡድን ግንባታው ክርክር ያለዚህ አይገባም። በሂሳብ መዝገብ የተጫዋች ዋጋ በውሉ ዓመታት ይከፋፈላል። አንቶኒ በ82 ሚሊዮን ገደማ ሲመጣ የአምስት ዓመት ውል ፈረመ፤ ስለዚህ በየዓመቱ 16 ሚሊዮን ገደማ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፤ ደመወዙ ለብቻው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገቡ ላይ 33 ሚሊዮን ያህል ቀርቶት ነበር። በ2025 ወደ ቤቲስ የሄደው ግን በ22 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ኪሳራ ነው። መጥፎ ግዢ የሚያሳድደን በተፈረመበት ክረምት ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ እስኪሄድ ድረስ፣ አንዳንዴም በሚሄድበት ቀን ነው።

በአካዳሚ ያደገ ተጫዋች ደግሞ በመዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ሲሸጥ ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይገባል። ስኮት ማክቶሚናይ በ2024 ለናፖሊ በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተሸጠበትን ምክንያት ብዙዎች «አሰልጣኙ አልፈለገውም» ይሉታል። ሂሳቡም ገፍቶታል። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት የጣሊያን ሊግን አነሳ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። ዩናይትድ ከ1937 ጥቅምት ጀምሮ በእያንዳንዱ ጨዋታ ስብስቡ ውስጥ ቢያንስ አንድ የራሱን አካዳሚ ልጅ ይዞ የገባ ክለብ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ በገንዘብ አይገዛም። ደንቡ ደግሞ በውድ ገዝተው የከሰሩበትን ቀዳዳ ለመድፈን የቤትህን ልጅ ሽጥ ይላል። ለአንቶኒ የተከፈለውን የሚሸፍነው ማክቶሚናይ ሆነ ማለት ነው፤ ደጋፊ ሁለቱን ለየብቻ መቁጠር የለበትም።

«ችግሩ አሰልጣኙ ነው»

ሞየስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ራንግኒክ፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም። ከፈርጉሰን በኋላ የመጡት እነዚህ አሰልጣኞች ሁሉም መጥፎ ሊሆኑ አይችሉም። በ2013 ክረምት ፈርጉሰን ብቻ አልሄዱም፤ ዝውውሩን ለዓመታት የመሩት ዴቪድ ጊልም አብረው ለቀቁ። ቦታውን የያዙት ኤድ ውድዋርድ በ2005ቱ ግዢ ግሌዘሮችን ያማከሩ የባንክ ሰው ነበሩ። ክለቡ የእግር ኳስ ዳይሬክተር የሾመው በ2021 መጋቢት ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ አሰልጣኝ ለራሱ አጨዋወት የሚሆኑ ተጫዋቾችን ያስገዛል፤ ይባረራል፤ ተጫዋቾቹ ግን ለተከታዩ ይቀራሉ። በሦስት ተከላካይ የሚጫወተው አሞሪም በ2024 ኅዳር የተረከበው ለአራት ተከላካይ የተገዛ ስብስብ ነበር።

ከራትክሊፍ ጋር የመጡት አዲሶቹ አመራሮችም በዚህ በኩል አልተሻሉም። በ2024 ሐምሌ የቴን ሃግን ውል አራዘሙ፤ በጥቅምት አባረሩት፤ ለእሱና ለረዳቶቹ ስንብት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ከኒውካስል ከብዙ ድርድር በኋላ ያመጡት የስፖርት ዳይሬክተር ዳን አሽዎርዝ ደግሞ በአምስት ወሩ ሄደ።

«ሠራተኛ መቀነሱ ግድ ነበር»

በ2024 ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞች እንዲቀነሱ ተወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት እስከ 200 የሚደርሱ ተጨመሩ። ለቴን ሃግ ስንብት የወጣውን 10 ሚሊዮንና የአንድ ዓመቱን የዕዳ ወለድ ከጎኑ አስቀምጡትና ፍረዱ። ኩሽናና ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ካሴሚሮን በ30 ዓመቱ በ60 ሚሊዮን አልገዛም።

«ዕዳ ሁሉ መጥፎ ነው፤ አዲሱ ስታዲየም ይገድለናል»

የአርሰናል ጓደኞቻችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። አርሰናል በ2006 ከሃይበሪ ወጥቶ ወደ ኤሚሬትስ ሲገባ ለግንባታው ተበደረ፤ ለዓመታት ተጫዋች እየሸጠ ቆየ፤ አሰልጣኙ ቬንገርም ተሰደቡበት። ግን 38 ሺህ ገደማ የነበረው ወንበር 60 ሺህ ሆነ፤ ስታዲየሙም የራሱን ዕዳ መክፈል ቻለ። የ2005ቱ የዩናይትድ ብድር ኦልድ ትራፎርድ ላይ አንድ ወንበር አልጨመረም፤ የባለቤቱን ስም ብቻ ቀየረ።

በ2025 መጋቢት ራትክሊፍ 100 ሺህ ተመልካች የሚይዝ አዲስ ስታዲየም እንደሚሠራ አስታወቁ፤ ግምቱ 2 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያኔ አልተነገረም። ስለዚህ ሥዕሉን እያየን ከመደነቅ በፊት መልስ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ፤ ከባለቤቶቹ ኪስ ስንት ይወጣል፣ በክለቡ ስም ስንት ብድር ይገባል፣ ወለዱስ ስንት ነው፣ የ2005ቱ ዕዳ ከዚያ በፊት ይዘጋል ወይስ አዲሱ በላዩ ይደረባል፣ ከኦልድ ትራፎርዱ የደጋፊዎች ወገን ከስትሬትፎርድ ኤንድ ለዓመታት ያልተለየው የማንችስተር ሰው በአዲሱ ስታዲየም ትኬት መግዛት ይችላል?