ዘፈንን ከሲዲ ወደ ኪስ ማጫወቻ መገልበጥ

ከሱቅ የተገዛ ሲዲ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደ ትንሽ ማጫወቻ ማዛወር ሪፕ ማድረግ ይባላል። እኛ ጋ ብዙ ሰው መገልበጥ ወይም ኮፒ ማድረግ ይለዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ሙዚቃ ወዳድ ነኝ የሚል ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነበር። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ዘፈን በኢንተርኔት ስለሚደመጥ ነገሩ ቀዝቅዟል። አልጠፋም ግን። ኢንተርኔት ላይ ፈጽሞ ያልተጫኑ፣ በሲዲ ብቻ የቀሩ አልበሞች አሉ። የአገራችን ሙዚቃ ደግሞ ከእነዚህ ውስጥ ድርሻው ቀላል አይደለም።

ሥራው ሲታይ እዳው ገብስ ነው። ሲዲውን ማስገባት፣ አንድ ቁልፍ መጫን፣ ትንሽ መጠበቅ። ጣጣው ያለው ዲስኩን በትክክል ማስነበቡ ላይና ዘፈኖቹን በየስማቸው ማስቀመጡ ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሲዲው ላይ ያለው ምንድን ነው?

የሙዚቃ ሲዲን ሶኒና ፊሊፕስ አብረው ሠሩት። ገበያ የወጣው በ1982 ጃፓን ውስጥ ነው። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል፤ ለግራና ለቀኝ ለየብቻው። ሲሰላ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። የአንድ ሰዓት አልበም ከ600 ሜጋባይት ያልፋል ማለት ነው። ለ1982 ሰው ይህ የሚታሰብ መጠን አልነበረም፤ የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር ይህን የሚያህል ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። ሲዲው ሲነደፍ ኮፒ የሚከለክል መቆለፊያ ያልተበጀለትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ማን የት ይገለብጠዋል?

አንድ ብዙ ሰው ያታለለ ነገር አለ። ሲዲውን ዊንዶውስ ላይ ከፍተው ሲያዩ ትራክ 01፣ ትራክ 02 የሚሉ ፋይሎች ተደርድረው ይታያሉ። ሰውም ኮፒ ያደርግና ፍላሽ ላይ ይለጥፋል። በሁለት ሰከንድ ያልቃል። ከዚያ ፍላሹ ማጫወቻው ላይ ሲሰካ ጸጥ። መጠናቸውን ያየ ሰው ግን ወዲያው ይነቃል፤ እያንዳንዳቸው 44 ባይት ብቻ ናቸው። ዘፈኑ የሚጀምርበትን ቦታና ርዝመቱን የሚናገሩ ጠቋሚዎች እንጂ ዘፈን አይደሉም። የሙዚቃ ሲዲ ላይ እኛ በለመድነው መልክ ፋይል የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈስ አንድ ረጅም ድምፅ ነው ያለው፤ ከእሱ ጋር የትኛው ዘፈን ከየት እንደሚጀምር የሚገልጽ ሰንጠረዥ። ለዚህ ነው ድምፁን ከዲስኩ አንብቦ ፋይል የሚያደርግ ፕሮግራም የሚያስፈልገው።

ንባቡ ራሱ ሁልጊዜ ንጹሕ አይሆንም። መረጃ የተጫነበት ሲዲ ስህተት ማረሚያ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለው። የሙዚቃው ይህ የለውም። ጭረት ያገኘ ተራ ማጫወቻ የጎደለውን ድምፅ ከፊቱና ከኋላው ካለው ድምፅ ገምቶ ይሞላዋል፤ ጆሮም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ጭረቱ ሲበዛ ግን ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዘፈኑ ጋርም አብሮ ይገለበጣል። ይህን ለማስቀረት ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነሱ ስመ ጥሩው፣ ጀርመናዊው አንድሬ ቪትሆፍ የሠራው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ነው። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነባል፤ መልሶቹ ካልተስማሙ እንደገና ይሞክራል። የተጎዳ ሲዲ ሲገባበት አንድን ዘፈን ሰዓት ሙሉ ሊያላምጠው ይችላል። አኩሬትሪፕ የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ያንተን ውጤት ያንኑ አልበም ከገለበጡ ሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለ ሥራው አልቋል።

ሲዲ ሲጠረግ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ነው፤ ዙሪያውን እያሽከረከሩ አይደለም። በዙሪያው የሄደ ጭረት የአንዱን ዘፈን ብዙ ድምፅ በተከታታይ ይቆርጣል፤ ቀጥ ብሎ የሄደው ግን ከየዙሩ ትንሽ ብቻ ነው የሚነካው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ይበልጥ መጠበቅ ያለበት ጽሑፍ ያለበት የላይኛው ገጽ ነው። የሚያብረቀርቀው ስስ ሽፋን ያለው ከጽሑፉ ሥር ነው። ከታች ያለው ፕላስቲክ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ስላለው ትንሽ ጭረት ይችላል።

ኤምፒስሪና የኪስ ማጫወቻው

600 ሜጋባይት ኪስ ውስጥ አይገባም ነበር። መላ ያመጣው ኤምፒስሪ ነው። ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ በፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ለዓመታት ደክመውበታል። ዘዴው የሰው ጆሮን ደካማ ጎን መጠቀም ነው። ከበሮ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ድምፅ አንሰማውም። ካልሰማነው ለምን ይቀመጣል? እንዲህ እየተቀነሰ ዘፈኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል፤ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ከዚያ ማጫወቻዎቹ መጡ። በ1998 የደቡብ ኮሪያው ሳሃን ኤምፒማንን አወጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ዳይመንድ ሪዮ ተከተለ። የሪዮ ሚሞሪ 32 ሜጋባይት ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ቢይዝ ነው። ዋጋው 200 ዶላር። ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር አልሳቀም፤ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1999 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሪዮ ፈረደ። ሰው በእጁ ያለውን ሙዚቃ ይዞት ለመዞር ሲያዛውረው ንግድ የሌለበት የግል አጠቃቀም ነው አለ። ያ ውሳኔ ባይኖር ከዚያ በኋላ የመጡት ማጫወቻዎች መንገዳቸው እንዲህ አይቀናም ነበር።

በጥቅምት 2001 አፕል አይፖድን አወጣ። 5 ጊጋባይት፣ 399 ዶላር፣ አንድ ሺህ ዘፈን በኪስህ የሚል ማስታወቂያ። መሣሪያው የመጀመሪያው አልነበረም፤ ትልቅ ሚሞሪ ያለው ማጫወቻም ከእሱ በፊት ነበር። የተሳካለት አይቲዩንስ ከሚባለው የአፕል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር አብሮ ስለመጣ ይመስለኛል። ሲዲ ሲገባ ፕሮግራሙ ራሱ ይገለብጣል፣ ስም ይሰጣል፣ አይፖዱ ሲሰካ ደግሞ ይጭናል። ሰው መማር ያለበት ነገር ቀረለት። ሶኒ በበኩሉ ዎክማን የተባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ የፈጠረ ኩባንያ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ማጫወቻዎቹ ዘፈኑን ወደ ራሱ አትራክ ፎርማት ካልቀየሩ አይጫወቱም ነበር። ሶኒ የሙዚቃ አሳታሚም ስለነበር ሁለቱ ጥቅሞቹ እርስ በርስ ይጎተቱ ነበር።

ኤምፒስሪው በሰከንድ ስንት ኪሎቢት ይሁን የሚለው ክርክር አያልቅም፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድምፁ ይጠራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። 128 በአውቶቡስ ውስጥ በርካሽ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው ይበቃል፤ 320ን ከሲዲው መለየት ለብዙ ሰው ይከብዳል። የእኔ ምክር ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በፍላክ አስቀምጡት። ፍላክ ምንም ድምፅ ሳይጥል መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ከእሱ ለስልክም ለመኪናም የሚሆን ኤምፒስሪ በፈለጉ ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ከኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ግን መመለስ የለም፤ የተጣለው ድምፅ ተጥሏል። በ2003 በ128 የገለበጠ ሰው ዛሬ ሲዲውን ፍለጋ ካርቶን ሲበረብር የሚገኘው ለዚህ ነው።

አሳታሚዎቹ ያደረጉት ትግል

ኩባንያዎቹ ሲዲው እንዳይገለበጥ ያልሞከሩት የለም። በ2003 የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አሌክስ ሃልደርማን አንዱን መከላከያ መረመረና ሲዲው ሲገባ እሱን ለማለፍ የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ መያዝ ብቻ እንደሚበቃ ጻፈ። መከላከያውን የሠራው ኩባንያ እከስሃለሁ ብሎ ዛተ፤ ወዲያው ግን ተወው። ለአንድ ሺፍት ክስ ያሳፍራል።

የከፋው በ2005 የመጣው ነው። የሙዚቃ አሳታሚው የሶኒ ቢኤምጂ አንዳንድ ሲዲዎች ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ራሱን የሚደብቅ ፕሮግራም ይጭኑ ነበር። ማርክ ሩሲኖቪች የሚባል የዊንዶውስ ባለሙያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አግኝቶ ይፋ አወጣው። ከዚያማ ጉድ ፈላ። የቫይረስ ጸሐፊዎች በዚያ መደበቂያ መጠቀም ጀመሩ። ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ ክስም ተከተለው። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሸበት፤ በነጻ ከኢንተርኔት ያወረደው ደህና ነበር።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ብሪታንያ ውስጥ የራስን ሲዲ ለራስ መገልበጥ የተፈቀደው በጥቅምት 2014 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ሻረው። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ለገዛ ጆሮው ለሚገለብጥ ነው። ከአንድ ሲዲ አውጥቶ ለደንበኛ ሁሉ በፍላሽና በስልክ እየጫነ ገንዘብ የሚቀበል ባለሱቅን አይመለከትም። የእኛ ዘፋኞች ለዓመታት ሲያማርሩ የኖሩት በዚህኛው ነው።

የስም ጣጣ

አሁን ወደ ከባዱ። መደበኛ ሲዲ ላይ የዘፈኖቹ ስም የለም። በሽፋኑ ላይ ይታተማል እንጂ ዲስኩ ውስጥ አይጻፍም። ሲዲቴክስት የሚባል ስም የሚይዝ ዘዴ በኋላ መጥቶ ነበር፤ ብዙም አልተያዘ። ታዲያ አይቲዩንስ ስሙን ከየት አመጣው? ከኢንተርኔት። ፕሮግራሙ ዘፈኖቹ የሚጀምሩበትን ሰዓት ከሰንጠረዡ ያነብና ከዚያ አንድ መለያ ቁጥር ይሠራል። ቁጥሩን ሲዲዲቢ ወደሚባል ቋት ይልካል፤ ስሞቹ ይመለሳሉ። ቋቱን የሞላው ተራው አድማጭ ነበር፤ እያንዳንዱ የገዛውን ሲዲ ስም ተቀምጦ እየጻፈ። በኋላ ግሬስኖት ተብሎ የንግድ ድርጅት ሲሆን ብዙዎቹ ተናደዱ። ፍሪዲቢና ሚውዚክብሬንዝ የመጡት በዚሁ ንዴት ነው። ፍሪዲቢ በ2020 ተዘግቷል፤ ሚውዚክብሬንዝ አሁንም ይሠራል።

ለእንግሊዝኛ ዘፈን ይህ ሁሉ ደህና ነው። የአማርኛ ሲዲ ሲገባ ግን አንዳንዱ ትራክ 01 ሆኖ ይቀራል። የተገኘውም ሰው ሁሉ እንደመሰለው በላቲን ፊደል የጻፈው ነው። ፓሪስ ላይ ቡዳ ሚውዚክ የተባለው አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ያወጣቸው፣ ኢትዮፒክስ የሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ስሞችን የሚጽፉት ለፈረንሳይኛ አንባቢ በሚመች መንገድ፣ ፊደሉ ላይ ከሚደረጉት ምልክቶች ጋር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በሐበሻ ሱቅ ከበርበሬው አጠገብ ይሸጥ የነበረው ሲዲ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመጣል። ውጤቱ ማጫወቻው ላይ ሁለት ጥላሁን ገሠሠ መታየቱ ነው። አንዳንዱ ቋት የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥር ማሕሙድ አሕመድን በአሕመድ ተራ ያስቀምጠዋል። ሰው በ«መ» ሲፈልገው የለም።

በራሳችን ፊደል መጻፍስ? ኤምፒስሪ ፋይል ውስጥ ስም የሚያዝበት የመጀመሪያው ዘዴ ለርዕስ የሰጠው 30 ሆሄ ብቻ ነበር፤ እሱም የታሰበው ለላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። አዲሱ የስም ማስቀመጫ ይቀበለዋል። ቢሆንም ብዙ ትንንሽ ማጫወቻና የመኪና ቴፕ ፊደሉ ስለሌለው ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ፣ መኪና ውስጥ በላቲን የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። አማራጩ አንድ አጻጻፍ መርጦ ሳይለዋውጡ መጽናት ነው። ይህን የሚያደርግ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኤምፒስሪታግ ይባላል፤ ሙሉ አልበም በአንዴ ያስተካክላል።

ዛሬ የሚሠራው ሰው

አፕል አይፖድን ማምረት ያቆመው በ2022 ነው። ላፕቶፖችም የሲዲ ማስገቢያቸውን ካጡ ቆይተዋል። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ መግዛት ወይም አሮጌውን ዴስክቶፕ ከጥግ ማውጣት ነው። የተገለበጠው ስልክ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ይጫናል። ፍላሹ ለመኪና ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ብዙ የመኪና ማጫወቻ በፊደል ተራ አያጫውትም፤ ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ከየዘፈኑ ስም ፊት 01፣ 02 ብሎ ቁጥር ማስቀደም፣ ከዚያ አልበሙን በሙሉ ፎልደር በተራ መገልበጥ ያስፈልጋል። አለዚያ የአልበሙ መዝጊያ መጀመሪያ ይመጣል።