«ትንሽ ይቆይልን» ለምትሉን

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ጠዋት ራውንድ ላይ ሐኪሙ «ዛሬ ትወጣላችሁ» ሲል አስታማሚ ይከተለኛል። «እህቴ፣ ትንሽ ይቆይልን፤ እዚህ ቢሆን ይሻለዋል።» ይህን ስሰማ ዓመታት አለፉ። ሰለቸኝ።

አይሻለውም! ሕክምናው ያለቀ ሰው አልጋ ላይ በቆየ ቁጥር ይደክማል። ዕድሜው የገፋ ከሆነ እግሩ ይሰልላል፤ በእግሩ የመጣው ሰው ተደግፎ ይወጣል። ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ኢንፌክሽን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ሆስፒታል ከተኙ 100 ሰዎች 15ቱን ያህል እዚያው ተኝተው ሳለ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። የሆስፒታል ጀርም ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒት የለመደ ነው።

አንድ አባት ነበሩ። የሳንባ ምች ታክመው ድነዋል፤ ዓርብ መውጫቸው ተጻፈ። ልጆቻቸው «ሰኞ ባቲ ከብት እንሸጣለን፤ ማክሰኞ መጥተን እንወስዳቸዋለን» አሉ። እሳቸውም «አብሽሪ ልጄ፣ እዚህ ምን ጎደለብኝ» አሉኝ። እሑድ ሌሊት ትኩሳት ያዛቸው። አዲስ ኢንፌክሽን ነው። ሌላ 11 ቀን ተኙ። የከብቱ ብር መድኃኒት ሆነ። በዚያው ዓርብ ማታ ደግሞ ከወገልጤና በሪፈር የመጡ እናት ኮሪደር ላይ፣ ስትሬቸር ላይ አደሩ። አልጋ የለማ።

«አልጋውን ለዘመድ ሊሰጡት ነው የሚያስወጡን።» ውሸት ነው። የሚጠብቀው ድንገተኛ ክፍል ያለው ሰው ነው።

«መድን አለን፣ ብንቆይ ምን እናወጣለን?» የማኅበረሰብ ጤና መድን እንደ ቅሬ፣ እንደ እድር ነው፤ ጎረቤት ያዋጣው ብር ነው። በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። በከንቱ የተያዘ አልጋ ከዚያ መዋጮ ይበላል። የአስታማሚውን ምግብና ያላጨደውን ጤፍ ደግሞ መድኑ አይከፍልላችሁም።

«የምታዘገዩን እናንተ ናችሁ።» እዚህ ላይ እውነት አላችሁ። ፊርማ ሲጠበቅ፣ የላብራቶሪ ውጤት ሲዘገይ፣ ፋርማሲ ሰልፍ ሲበዛ፣ ጠዋት ወጣ የተባለ ሰው 10 ሰዓት ድረስ ይቀመጣል። ያናድደኛል። ስለዚህ ወጥራችሁ ጠይቁን። ገና በገባችሁ ቀን «መቼ ይወጣል ብላችሁ ትገምታላችሁ?» በሉ። መኪናውን ቀድማችሁ አስቡ። የመድን ደብተሩንና የሪፈር ወረቀቱን ቤት አትርሱ፤ በሱ የተነሳ ስንቱ ድኖ ሳለ እዚሁ አድሯል! ቁስል የሚያጥብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጥ ማን እንደሆነ ወስኑና ያንን ሰው አምጡልኝ፤ እኔ አሳየዋለሁ።

ቤት የሚያስታምም ሰው ከሌለ ግን አትደብቁን። እሱ እውነተኛ ችግር ነው። ቀድማችሁ ከነገራችሁን ለቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ደብዳቤ አጽፈን እንልካችኋለን።