ዙፋኑ የት ሄደ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኅዳር 8 የአርባዕቱ እንስሳ፣ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙት የአራቱ ሰማያውያን ፍጥረታት፣ በዓል ካለፈ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። በቴሌግራም የሚዞሩትን ሥዕሎች አይታችኋል? ጨለማ ውስጥ የሚንሳፈፍ የዓይን ክምር፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክንፍ፣ ከሥሩ የሚያስበረግግ ሙዚቃ። «ትክክለኛዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ መላእክት» ይላል። የሚቀባበሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ናቸው።

ዓይኑን ያመጡት ከሕዝቅኤል ነው፤ እሱን አልክድም። ምዕራፍ 1ን ክፈቱ። እንስሳቱ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህም፣ ገጸ ንስር (የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬ፣ የንስር ፊት) አላቸው፤ ዓይን የሞላባቸው መንኮራኩሮችም አሉ። ነቢዩ ራሱ በግንባሩ ተደፍቷል። መላእክት አያስፈሩም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ አላነበበም።

ግን ሥዕሉ ያስቀረውን ተመልከቱ። ከእንስሳቱ በላይ ጠፈር አለ፤ ከጠፈሩ በላይ ዙፋን አለ፤ በዙፋኑ ዙሪያ በዝናብ ቀን እንደሚታይ ቀስተ ደመና ያለ ብርሃን አለ። አባቶቻችን ሥላሴን ሲሥሉ አርባዕቱን እንስሳ በዙፋኑ ዙሪያ ያደረጉት ለዚህ ነው። ዙፋኑን አንሥቶ ዓይኑን ብቻ የሚያስቀር ሰው ባለቤት የሌለው ዓለም ነው የሚሥልልን። የሆረር ፊልም ዓለም ይኸው ነው። ምነው ልጆቼ፣ ይህንን በበዓል ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» ብላችሁ ትልካላችሁ?

ደግሞ ራእዩ የመጣው ለምርኮኛ ነው። ሕዝቅኤል ካህን ነበር። ቤተ መቅደሱ ግን ኢየሩሳሌም ቀርቶ እሱ በከለዳውያን አገር፣ በኮቦር ወንዝ ዳር ነበር። እግዚአብሔርስ እዚያው ቀርቶ ይሆን? መንኮራኩር ያለው ዙፋን የታየው ያኔ ነው። ያ ዙፋን አንድ ቦታ የተተከለ አይደለም። መንፈስ ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ባቢሎን ድረስ ይመጣል። ዓይን የሞላበት ደግሞ የተረሳ ምርኮኛ ስለሌለ ነው። ሪያድና ጅዳ በሰው ቤት እየሠራችሁ ቅዳሴ የናፈቃችሁ እኅቶቼ፣ ይህ ምዕራፍ የእናንተ ነው። በስልካችሁ የመጣው አስፈሪ ሥዕል አይቀማችሁ።

አጋንንትንም ሰማይ የሚያህል ጭራቅ አድርገው ይሥሏቸዋል። ሐዋርያው ግን ያስጠነቀቀን ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ ነው (2ኛ ቆሮ. 11፥14)። ጭራቅ የሚጠብቅ ሰው ያንን እንዴት ይለየዋል?

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሥዕሉን አይተው ሌሊት ከባነኑ ስልኩን መቀማት ብቻውን አይበቃም። አጠገባቸው ተቀመጡና ምዕራፉን አንብቡላቸው። ምዕራፍ 1 ላይ ግን አታቁሙ፤ የተደፋውን ነቢይ «የሰው ልጅ ሆይ፥ በእግርህ ቁም» እስከሚለው ድምፅ ድረስ አንብቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።