የምንዛሪ ስጋት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ለመንገደኞች ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው የጻፈውን አነበብሁ። ሙዚየም በር ላይ ትኬት ስትቆርጡ የካርድ ማሽኑ «በዚህ አገር ገንዘብ ነው ወይስ በራሳችሁ ገንዘብ የምትከፍሉት?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ «ከምንዛሪ ስጋት ለመዳን» የራሳችሁን ምረጡ ይላል። በዚህ ወር ብቻ ቃሉ ያለቦታው ሲገባ ሳይ ይህ ሦስተኛዬ ነው። በባንክ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ውስጥ ለዓመታት እንጀራዬ ይህንኑ ስጋት መለካት ስለነበረ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

የማሽኑን መስኮት ቀረብ ብለን እንመልከተው። ትኬቱ 16 ዩሮ ነው፣ የከፋዩ ካርድ ደግሞ የዶላር ነው እንበል። በዕለቱ ገበያ 1 ዩሮ 1.10 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ዋጋው 17.60 ዶላር ይሆናል። በመስኮቱ ላይ ግን ከላይ «16.00 ዩሮ»፣ ከታች «18.48 ዶላር» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ ከታችኛው ሥር በደቃቅ ፊደል ተመኑ 5 በመቶ ጭማሪ እንዳለበት ተጽፏል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይገፋል፤ ሰውም የለመደውን ገንዘብ ስም ያይና እሱን ይነካል። በዚህች ቅጽበት የከፈላት 88 ሳንቲም የአገልግሎት ዋጋ ናት እንጂ ከስጋት ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ ምክንያቱም ስጋት ያልታወቀን ነገር የሚመለከት ሲሆን፣ እዚህ ግን ሁሉም ነገር እስከ ሳንቲሙ ድረስ ታውቋል። በዩሮ ቢከፍል ኖሮ ሒሳቡ ተወራርዶ በባንኩ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ዩሮና ዶላር እርስ በርሳቸው የሚንቀሳቀሱት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ ባነሰ ነው፤ ያውም ወደ ጉዳቱም ወደ ጥቅሙም ሊሆን ይችላል። መካሪያችን እንግዲህ የሚመክረን፣ ምናልባት ከምትመጣ 1 በመቶ ለማምለጥ የተረጋገጠ 5 በመቶ እንድንከፍል ነው።

የምንዛሪ ስጋት የሚባለው፣ አንድ ሰው የሚያገኘው ገቢ በአንድ ገንዘብ፣ ያለበት ግዴታ ደግሞ በሌላ ገንዘብ ሲተመን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ተመን ወደፊት ወዴት እንደሚሄድ ባለመታወቁ የሚመጣ ተጋላጭነት ነው። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ፤ በሰው አገር የሚኖር ሰው ግን ወዶም ሳይወድም ሁለት ዛፍ ይወጣል። አንዱ እግሩ ደመወዙ በሚቆጠርበት ገንዘብ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሌላው ኪራዩ፣ የትምህርት ክፍያው ወይም ለቤተሰቡ የሚቆርጠው ገንዘብ በሚቆጠርበት ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። ስጋቱን ከሁለቱ ዛፎች በአንዱ ግንድ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ያለው በሁለቱ ቅርንጫፎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ነፋስ ሲነሣ ክፍተቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ የሚጨነቀው የሰውየው ጉልበት ነው። ሁለቱንም እግሮቹን በአንድ ዛፍ ላይ ያሳረፈ ሰው፣ ዛፉ የቱንም ያህል ቢወዛወዝ አብሮት ይወዛወዛል። (ዛፉ ራሱ ከሥሩ ሊበሰብስ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያ የዋጋ ንረት ይባላል፤ በእኛ ሙያ የሚለካውም በሌላ ሚዛን ነው።)

ስለዚህ «የዚያ አገር ገንዘብ የምንዛሪ ስጋት አለበት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ «ለማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገቢውም ወጪውም በዚያው ገንዘብ ለሆነው ነዋሪ የለበትም፤ በዶላር ተከፍሎ በፓውንድ ዕዳ ለሚከፍለው ሰው ደግሞ፣ ሁለቱም ገንዘቦች በዓለም የታወቁ ቢሆኑም፣ ስጋቱ ሙሉ ነው። «እኔ በዶላር ስለሚከፈለኝ የምንዛሪ ስጋት የለብኝም» የሚለው አባባል በተለይ የሚያሳዝነኝ፣ ተናጋሪው አንዱን እግሩን ብቻ ቆጥሮ ሌላውን ስለሚረሳ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ስሕተት ደግሞ የቁጥሩን ብዛት ከገንዘቡ ድክመት ጋር ማምታታት ነው። 1 የኩዌት ዲናር ከ3 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ለ1 ዶላር ደግሞ ከመቶ በላይ የጃፓን የን ይሰጣል። ከዚህ ተነሥቶ የኩዌት ገንዘብ ከጃፓኑ «ጠንካራ» ነው ማለት፣ በስንዝር የተለካው ዛፍ በክንድ ከተለካው ይረዝማል እንደማለት ነው። የሚያሳስበው የቁጥሩ መጠን ሳይሆን ለውጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ አካባቢ 1 ዶላር በ76 የን ግድም ይመነዘር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከ160 አልፎ ነበር። በወር 300,000 የን እየተከፈለው ጃፓን ውስጥ ሆኖ ቋንቋ የሚያስተምር የውጭ አገር ሰው ብናስብ፣ ደመወዙ በመጀመሪያው ተመን 3,900 ዶላር ያህል፣ በኋለኛው ግን ከ1,900 ዶላር በታች ነው። ኑሮው በሙሉ በየን ከሆነ ለውጡን የሚያየው ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋና በዕረፍት ጉዞው ላይ ብቻ ነው፤ በትውልድ አገሩ በዶላር የተበደረው የትምህርት ዕዳ ካለበት ግን፣ ደመወዙ አንድ የን ሳይጎድል ዕዳው ከእጥፍ በላይ ከብዶበታል።

ታሪካዊና ባህላዊ ስፍራዎችን ለማየት ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ምክርም በዚሁ ስሕተት የተሞላ ነው። «ገንዘባቸው ወድቋልና አሁኑኑ ሂዱ» ይባላል። በካምቦዲያ የሚገኘውን አንኮርን ለመጎብኘት የአንድ ቀን ትኬት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2017 ጀምሮ 37 የአሜሪካ ዶላር ሆኗል፤ የአገሩ ገንዘብ ሪየል ቢወርድም ቢወጣም ቁጥሩ አይነቃነቅም። በኢስታንቡል አያ ሶፊያም ለውጭ አገር ጎብኚዎች እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የተተመነው የመግቢያ ዋጋ 25 ዩሮ ነው። የቱርክን ገንዘብ የሊራን መውደቅ አይቶ ትኬቱ ይረክስልኛል ብሎ የሄደ ዶላር ያዥ፣ በዚያ በር ላይ የሚያገኘው ስጋት የዩሮና የዶላር እንጂ የሊራ አይደለም። በየት አገር ላይ ቆመናል የሚለው ጥያቄ፣ ዋጋው በምን ገንዘብ ተተመነ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሰዎች ስጋትን ከ«መውደቅ» ጋር ብቻ ማያያዛቸውም ዋጋ ያስከፍላል። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2011 ጀምሮ 1 ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 ረፋድ ላይ በድንገት መከላከሉን አቆመ። ቀኑ ሲያበቃ ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ለአንድ ሊሆኑ ተቃርበው ነበር። ገቢው በዩሮ ሆኖ በጄኔቫ በወር 1,500 ፍራንክ ኪራይ የሚከፍል ሰው፣ በዋዜማው ኪራዩ 1,250 ዩሮ ሲሆን፣ በማግስቱ ወደ 1,500 ዩሮ ተጠግቷል። በዚያኑ ዕለት፣ በፈረንሳይ ድንበር ውስጥ እየኖረ በጄኔቫ የሚሠራው ጎረቤቱ፣ በፍራንክ የሚያገኘው ደመወዝ በዩሮ ሲመነዘር በአንድ ጀንበር አደገለት። አንዱን ያጎበጠና ሌላውን ያበለጸገ ነፋስ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የእግሮቻቸው አቀማመጥ ነው። ፍራንኩ አልወደቀም፤ እንዲያውም ከዓለም የተረጋጉ ከሚባሉት ገንዘቦች አንዱ ነው፤ የጎዳቸውን ሰዎች የጎዳውም በመውጣቱ ነው። አገራቸውን ሳይለቁ በወለዱ ማነስ ተስበው በፍራንክ የቤት ብድር የወሰዱ፣ ደመወዛቸው ግን በአገራቸው ገንዘብ በዝሎቲ የነበረ ብዙ ፖላንዳውያንም በዚያው ቀን ዕዳቸው አብጦ አገኙት። በሰው አገር መኖር ሁለት ዛፍ ከሚያስወጡ መንገዶች አንዱ እንጂ ብቸኛው እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

እዚህ ላይ ደርሼ «የእኔ ደመወዝ ከዶላር ጋር በታሰረ ገንዘብ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 1 ዶላር በ3.6725 ታስሮ ኖሯል። ይህ ሁለቱን ቅርንጫፎች በገመድ ማሰር ነው፤ ግዴታው በዶላር ለሆነ ሰውም ትልቅ እፎይታ ነው። ግዴታው በሩፒ ወይም በፓውንድ ለሆነው ሰው ግን ገመዱ የታሰረው ከሌላ ዛፍ ጋር ነውና የሚረባው ነገር የለም። ደግሞም ገመድ ክፍተቱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እንዳይሰፋ ይከለክላል እንጂ፣ የሚበጠስበትን ቀን አይናገርም። የታይላንድ ባህት ለዓመታት 1 ዶላር በ25 ባህት ገደማ ተይዞ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1997 ተለቀቀ፤ በጥር 1998 አንድ ዶላር ከ50 ባህት በላይ ይጠይቅ ነበር። ልጁን በዓመት 10,000 ዶላር እየከፈለ ውጭ አገር የሚያስተምር የባንኮክ አባት፣ 250,000 ባህት ሲያዘጋጅበት የነበረው ክፍያ ለግማሽ ዓመት ያህል ዞር ቢል ከ500,000 በላይ ሆኖ ጠበቀው። ላለፉት አሥር ዓመታት የተመኑን ሰንጠረዥ ቢመለከት ኖሮ ቀጥ ያለ መስመር ያይ ነበር። ስጋትን ባለፈው እንቅስቃሴ ብቻ የሚለኩ የሙያ ባልደረቦቼም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ነገሩ መንገደኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ሳልጠየቅ የምጨምረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሊባኖስ ባንኮች በዶላር ያስቀመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ገንዘባቸውን እንደልባቸው ማውጣትም ወደ ውጭ ማስተላለፍም አልቻሉም፤ በመዝገብ ላይ ያለው ዶላርና በእጅ የሚያዘው ዶላር ዋጋቸው ተለያየ። ይህንን ብዙዎች የምንዛሪ ስጋት ይሉታል፤ እኛ ግን የማስተላለፍ ስጋት ብለን እንለየዋለን፤ መፍትሔውም የተለየ ነው። ገቢና ግዴታን በአንድ ገንዘብ ማድረግ ከመጀመሪያው ያድናል፤ ከሁለተኛው ግን አያድንም፤ ሁለቱም እግሮች በአንድ ዛፍ ላይ ሆነው ሳለ ዛፉ ያለበት ግቢ በር ተቆልፏልና።

ደግሞ «ይህ ገንዘብ እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል፤ ስጋቱ ትልቅ ነው» ይባላል። ሁሉም የሚያውቀው መውደቅ በወለዱ ልዩነትና ዛሬ ተፈርመው ወደፊት በሚፈጸሙ የምንዛሪ ውሎች ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ ስለዚህ ከስጋት ይልቅ ለዋጋ ይቀርባል። ስጋቱ ውድቀቱ ከተጠበቀው በላይ ወይም በታች መሆኑ ነው። ለአንድ ሳምንት ሽርሽር የሚሄድ ሰው በዚህ ራሱን ባያስጨንቅ ይሻለዋል፤ የአራት ዓመት ትምህርት ወይም የሦስት ዓመት የሥራ ውል የሚፈርም ሰው ግን፣ ተመኑ ወዴት እንደሚሄድ ለመተንበይ ከሚደክም ውሉ በምን ገንዘብ እንደተተመነና በየትኛው ቀን ተመን እንደሚከፈል ቢያነብ ይጠቅመዋል። መተመኛና መክፈያ ገንዘብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህንን የምለው እኔው ራሴ ተጎድቼበት ነው። በአንድ ወቅት በውጭ አገር ለመሥራት የፈረምሁት ውል፣ ደመወዜ በወር 2,000 ዩሮ ሆኖ በአገሩ ገንዘብ እንደሚከፈል ይገልጽ ነበር። በቀጣዩ ገጽ ላይ ደግሞ ተመኑ «ውሉ በተፈረመበት ዕለት» የነበረው እንደሚሆን ተጽፏል። ሥራዬ ስጋት መለካት ሆኖ ሳለ ያንን አንቀጽ በጥሞና አላነበብሁትም። የቤት ኪራዬ 600 ዩሮ ነበር፤ አከራዬ ግን ብልህ ስለነበሩ በሚከፈልበት ዕለት ተመን እንዲሰላ አጽፈዋል። በዓመቱ ውስጥ የአገሩ ገንዘብ ከዩሮ አንጻር ሩቡን ዋጋውን አጣ፤ ደመወዜ በውል ላይ 2,000፣ በእጄ ግን 1,500 ዩሮ ሆነ፤ ኪራዬም ከገቢዬ 30 በመቶ የነበረው 40 በመቶ ሆነ። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ቀጣሪዎቼ ዘንድ ቀርቤ የጠየቅሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «በተፈረመበት» የሚለው «በሚከፈልበት» እንዲባል። በምትኩ 10 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ በዚያው ስብሰባ ላይ፣ ሳልጠይቃቸው አቀረቡልኝ። ቃሏን ለመለወጥ ግን ሦስት ሳምንት ተከራከርን።