በእጅ የሚሰጥ ሕክምና እሽት ነው እንዴ?
ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበልት የዋለ ሰው ሌሊት አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚውና መሃል ጣቱ ደንዝዘው ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፤ ትንሿ ጣት ግን ደህና ናት። ካርፓል ተነል የሚባለው የእጅ አንጓ ሕመም ዋና ምልክት ይህ ነው፤ በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ ከ9 ጅማቶች ጋር የሚያልፈው ሚዲያን ነርቭ ተጨምቋል።

ለዚህ ሕመም «በእጅ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ» ሲባል ብዙው ሰው የወጌሻ እሽት ይመስለዋል። አይደለም። ባለሙያው የአንጓውን ትንንሽ አጥንቶች በቀስታ ያንቀሳቅሳል፤ ነርቩንም ያንሸራትታል፦ መጨበጥ፣ ጣቶችን መዘርጋት፣ አንጓን ወደ ኋላ ማጠፍ፣ አውራ ጣትን መክፈት፤ እያንዳንዱን ለ5 ሰከንድ ያህል። ድንዛዜው ከባሰ ነርቩ ከልክ በላይ ተስቧል፤ እንቅስቃሴውን መቀነስ ነው። በቅቤ አጥብቆ ማሸትማ የተጨመቀውን እንደገና መጨመቅ ነው! ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይታሰራል። የአውራ ጣት ሥር ሥጋ ከሟሸሸ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ነው።