ፍላሚንጎዎቹን አታስበርግጓቸው

የአብያታና የሻላ ሐይቆች ያሉበት አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጎብኚ ይዤ ስመላለስበት ዓመታት ሆነኝ። የምሰማው ነገር ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

«አንበሳ ከሌለ ምን ሊታይ ነው?» እዚህ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሰጎን፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮም አለ። አንበሳ የፈለገ ሌላ ፓርክ ይሂድ።

«ወፍ መቼም አይጠፋም፣ መቼ ብንሄድ ያው ነው።» አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት በብዛት የሚታዩት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። ሐምሌ ላይ መጥታችሁ አሳየን ብትሉኝ ከየት ላምጣ?

«ፍላሚንጎ ሲፈለፈል ጀምሮ ሮዝ ነው።» ይህ እግረ ረጅም የውሃ ወፍ ጫጩት ሳለ ግራጫ ነው። ሮዙ ቀለም ከሚበላው ምግብ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ፍላሚንጎ የሚያምረው ሲነሳ ነው።» አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ወደ ውሃው ይሮጣል፣ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል። መንጋው ግር ብሎ ይነሳል፣ ቪዲዮው ይቀረጻል። ስቆጣ «ምን ችግር አለው፣ ክንፍ አላቸው አይደል?» ይሉኛል።

ችግሩን ልንገራችሁ። «ትንሹ ፍላሚንጎ» የሚባለው ዝርያ በዋናነት የሚበላው በዓይን የማይለይ ደቃቅ አልጌ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ምንቃሩን ገልብጦ ውሃውን ያጣራል። በእንዲህ ያለ ምግብ ለመጥገብ ሰዓታት ያስፈልጉታል። ሲነሳ ደግሞ እንደ እርግብ ብድግ አይልም፤ ውሃው ላይ እየሮጠ ነው የሚነሳው። ይህ ጉልበት ይጨርሳል። አንድ ጊዜ ቢሆን ይተካዋል። ቅዳሜና እሁድ ግን መኪናው አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል። እናንተ ውበት ያላችሁት ድንጋጤ ነው።

አንድ ጥር ላይ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይዤ ነበር። ልጅቷ ባይኖኩላሩን አልለቅም ብላ «አንገቱን ለምን ገለበጠው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ገና ሳልመልስላት ከኋላ የመጡ ወጣቶች እየጮኹ ወደ ውሃው ሮጡ። ወዲያው ዳርቻው ባዶ ሆነ። ጭቃው ላይ የቀረው ዱካና አንድ ሮዝ ላባ ነው። አዛውንቱ «ልጄ፣ ይመለሳሉ እንዴ?» አሉኝ። እስኪመሽ ጠበቅን፤ አልተመለሱም።

እግረ መንገዴን፦ ዳርቻው ደረቅ ስለመሰላችሁ መኪና አታስገቡ። ላዩ ቅርፊት ነው፣ ሥሩ ጭቃ። ጎማ ከሰጠመ ገመድና ሰው ስትፈልጉ ይመሻል።

ያ ዳርቻ ራሱ ትናንት ሐይቅ ነበር። «የሸሸው ዝናብ ስለጠፋ ነው» ይላሉ። ዝናብ ብቻ አይደለም። አብያታን የሚመግበው ቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ነው የሚወጣው። ውሃው አብያታ ሳይደርስ ለመስኖ ይሳባል። ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ተወስዷል። ውሃው ሲቀንስ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፈሉ የነበሩት ፔሊካኖች ድሮ ዓሣ የሚያጠምዱት እዚሁ ጎረቤት አብያታ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው። እንዲህ በጠበበ ሐይቅ ላይ ነው እንግዲህ የምናጨበጭበው።

ፍላሚንጎ በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። መኪናውን ከሩቅ አቁሙት። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ከውሃው ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና ሃያ ደቂቃ ዝም በሉ። ካልተረበሸ መንጋው እያጣራ ቀስ በቀስ ወደ እናንተ ይጠጋል። ነፋስ ከሌለ ጉርምርምታው ይሰማችኋል።