ዱድ ሼሜሽ ምንድን ነው?

በእስራኤል ከተማ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ጎረቤት ጣሪያዎችን ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ በርሜል፣ ከሥሩ ወደ ደቡብ የተንጋለለ ጥቁር መስታወት፣ ደግሞ ነጭ በርሜል፣ ደግሞ ጥቁር መስታወት። እናቴ ከጎንደር እንደ መጣች ሰሞን «እዚህ አገር ጠላ የሚጠመቀው ጣሪያ ላይ ነው?» ብላ ነበር።

በርሜሉ የጠላ አይደለም። አዲስ አበባ በየጣሪያው እንደምናየው ሮቶ ውኃ ለሚጠፋበት ቀን የሚያጠራቅምም አይደለም። ዱድ ሼሜሽ ይባላል። በዕብራይስጥ ዱድ ማለት ቦይለር፣ ሼሜሽ ደግሞ ፀሐይ ነው። የፀሐይ ቦይለር ብንለው ያስኬዳል፤ ነገር ግን በኔታንያም ሆነ በአሽዶድ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ስሙን እንዳለ ወስዶታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመስታወቱ በታች ጥቁር የብረት ዝርግ አለ፤ በዝርጉ ላይ ቀጫጭን ቱቦዎች ተጣብቀዋል። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ዝርጉን ታሞቀዋለች፤ መስታወቱ ደግሞ ሙቀቱ ተመልሶ እንዳያመልጥ ይከላከላል። በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ሲሞቅ ይቀልላል፤ ሲቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከበርሜሉ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ወርዶ ቦታውን ይይዛል። በርሜሉ ከመስታወቱ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ፓምፕ የለውም፤ ሞተር የለውም፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ ውኃው ራሱ ሲዞር ይውላል። ማታ ላይ በርሜሉ ዙሪያውን የለበሰው ሙቀት ጠባቂ ሽፋን እስከ ማግስቱ ጠዋት ያቆየዋል።

ቁጥሩን ማየት ለሚወድ፣ 150 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። 3.5 ኪሎ ዋት በሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያጠፉ እንጀራ እንደ መጋገር ማለት ነው። ይህ ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ወደ 85 ከመቶ የሚሆነው የእስራኤል ቤት ውኃውን በዚህ መንገድ ያሞቃል ሲባል፣ ሳይገነባ የቀረው የኃይል ማመንጫ በዓይነ ሕሊና ይታያል።

ታዲያ ሰዉ ሁሉ ይህን መሣሪያ እንዴት ገዛ? እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው ሰው አልገዛውም። ቤት ሲገባ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ነው ያገኘው።

ነገሩ የጀመረው በችግር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲሱ የእስራኤል መንግሥት የነዳጅ እጥረት ገጥሞት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ውኃ ማሞቅን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ሌዊ ይሳር የተባለ መሐንዲስ በ1953 ኔር ያህ የሚባል ኩባንያ መሥርቶ የፀሐይ ቦይለር መሸጥ ጀመረ። ዝቪ ታቦር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ደግሞ የፀሐይን ብርሃን አብዝቶ የሚውጥ፣ ሙቀቱን ግን መልሶ በጥቂቱ ብቻ የሚተፋ ጥቁር ልባጥ ሠርቶ በ1955 አሪዞና ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ አቀረበ። ዕውቀቱ ያኔ ተሟልቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ነዳጅ ሲረክስ ገበያው ቀዘቀዘ፤ አብዛኛው ቤት በኤሌክትሪክ ማሞቁን ቀጠለ።

ከዚያ 1973 መጣ፤ እስራኤል ከግብፅና ከሶርያ ጋር የተዋጋችው ጦርነትና የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የኢራን አብዮት ሲፈነዳ፣ እስራኤል ከኢራኑ ንጉሥ ከሻሁ ታገኘው የነበረው ነዳጅ ተቋረጠ። በ1980 ሕጉ ወጣ፦ ቁመቱ ከ27 ሜትር የማይበልጥ ማንኛውም አዲስ መኖሪያ ሕንፃ የፀሐይ ቦይለር ሊኖረው ግድ ሆነ።

ይህ ሕግ ብልህ ነው የምለው ትክክለኛውን ሰው ስለያዘ ነው። ሕንፃውን የሚገነባው ኮንትራክተር የነዋሪውን የኤሌክትሪክ ሒሳብ አይከፍልም። ስለዚህ ርካሹን የኤሌክትሪክ ቦይለር ገጥሞ ቁልፍ ቢያስረክብ ለእሱ ትርፍ ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው ነዋሪ ደግሞ ግንባታው ሲካሄድ ቦታው ላይ የለም፤ ሲገባ ቱቦው ተቀብሯል፣ ግድግዳው ተለስኗል። ቤት የተከራየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ አከራዩ የሚያየው የአምፖሉን መግዣ ዋጋ ነው፣ ተከራዩ የሚያየው አምፖሉ የሚበላውን። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በምክርና በፖስተር መድፈን አይቻልም። ቆጥቡ እየተባለ በሬዲዮ ቢለፈፍ ኮንትራክተሩ አይሰማም። ሕጉ ግን ወጪውን ገና መሠረቱ ሲጣል ከቤቱ ዋጋ ውስጥ አስገባው፤ እዚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከሲሚንቶና ከብረት ዋጋ አጠገብ ኢምንት ነው። ግዴታው ሌላም ነገር አመጣ። ፋብሪካው በብዛት አመረተ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ለመደው። ሕጉ የማይመለከታቸው የድሮ ቤቶች ሳይቀሩ እየገዙ አስገጠሙ።

ሌሎች አገሮችም ዘግይተው ተከተሉ። ባርሴሎና በ2000፣ መላው ስፔን በ2006፣ ሃዋይ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ በአዳዲስ ቤቶች ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ጣሉ።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ደመና በሚበዛበት የክረምት ሰሞን በርሜሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጠቀም ግድ ነው። ለዚህም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ አለች፤ ማን አብርቶ ረሳት በሚል የማይነታረክ ቤተሰብ አላየሁም። ከሕንፃው ታች ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ ሙቁ ውኃ ከጣሪያ እስኪወርድ ድረስ በቱቦው የቆየው ቀዝቃዛ ውኃ በከንቱ ይፈሳል። 27 ሜትር የተባለውም በምክንያት ነው፤ ሕንፃው በረዘመ ቁጥር ጣሪያው ለነዋሪው ሁሉ በርሜል አይበቃም። ዛሬ ከተሞቹ ወደ ላይ እያደጉ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ውኃውን ቀድማ በፀሐይ ያሞቀች አገር አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ዛሬም በተፈጥሮ ጋዝ ታመነጫለች። አንድ የተሳካ ሕግ ሌላውን እየጎተተ አያመጣም።

ሕጉ ቦይለሩ እንዲተከል አስገድዷል፤ ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣው ጥገና ግን የተከራይና የአከራይ ክርክር አልቀረም። አንድ ክረምት የተከራየሁት ቤት መስታወቱ ተሰንጥቆ፣ ቱቦው ማንጠባጠብ ጀመረ። ለአከራዬ ደወልኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በትዕግሥት ሰማኝና «በኤሌክትሪክ ይሞቅ የለም እንዴ?» አለኝ። ይሞቃል። ሒሳቡ የሚመጣው በእኔ ስም ነበር።